የግንባታ ጥግግት ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ አዲስ ሰፈር ሊወጣ ነው ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ካሬ ነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ስንት ፎቅ ያስወጣል?» ይላል። የፕላን ባለሙያዎች ጥግግት የሚሉት ነገር ከሁለቱ ጥያቄዎች ይወጣል። አንድ መሬት ምን ያህል ቤትና ምን ያህል ሰው ተሸክሟል ማለት ነው።

ሁለት አለካክ አለው። አንዱ በሄክታር ስንት ቤት ወይም ስንት ሰው አለ ብሎ መቁጠር ነው። ሌላው የወለሎቹን ስፋት ሁሉ ደምሮ ለቦታው ስፋት ማካፈል ነው። 200 ካሬ ቦታ እንውሰድ። ባለቤቱ በ100 ካሬ ላይ ጂ ፕላስ ዋን ሠራ። ሁለቱ ወለል ተደምሮ 200 ካሬ ነው፤ ለ200 ሲካፈል 1 ይመጣል። ግማሹ ግቢ ባዶ ነው። ዛፍ ይተከልበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ የዝናብ ውሃም ይሰርግበታል። ጎረቤቱ ደግሞ ፎቅ የለውም። ግን ዋናውን ቤትና ሰርቪሶቹን አጥር ለአጥር ደርድሮ 160 ካሬ ሸፍኗል። የሱ 0.8 ነው። በስሌቱ ጥግግቱ ያነሰው ይሄኛው ነው፤ ግቢው ውስጥ ግን ልብስ ማስጫ ቦታ እንኳ የለም።

ክርክሩ መስመር የሚስተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ጥግግት ይጨመር» ሲባል ብዙ ሰው መጨናነቅ ይታየዋል። መጨናነቅ ግን ሌላ ነው። በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድራል የሚለው ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም ሐምሌ ላይ ሲመረቅ፣ ሙሉ አቅሙ ላይ ሲደርስ 60,000 ያህል ሠራተኛ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ከየወረዳው የመጡት ወጣት ሴቶች ታዲያ የት ገቡ? አብዛኞቹ ሰርቪስ ተከራይተው ነው። የማውቀው አንድ ግቢ ውስጥ አራት ልጆች በአንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። ፍራሹ ሁለት ነው። የማታ ፈረቃዋ ስትገባ የጠዋቷ ትነሳለች፤ ፍራሹ አይበርድም። በሩ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል፣ ለስድስት ክፍል አንድ ሽንት ቤት። ፎቅ የሌለበት ግቢ ነው ይሄ።

ፎቅ ይብዛ የሚለውን የሚቃወሙ ሰዎችም ስጋታቸው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባ ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። የየቤቱ ፍሳሽ ደግሞ በአብዛኛው በሴፕቲክ ታንክና በጉድጓድ ነው የሚጠራቀመው። በአንድ ጉድጓድ ላይ አምስት ቤተሰብ ስትደርብ ጉድጓዱ በዚያው ልክ ቶሎ ይሞላል። በሐይቁ ዳርና ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ወደ ጎን መስፋትም ነፃ አይደለም። በቱላ ክፍለ ከተማ በኩል ከተማው በተዘረጋ ቁጥር የገበሬው እንሰት ይነቀላል። መንገዱ፣ የውሃ ቧንቧውና የመብራት ምሰሶውም በዚያው ልክ ይረዝማል። ለዚህ ነው እኔ ፎቁ በዋና ዋና አስፋልቶችና በፓርኩ አቅራቢያ ይብዛ፣ ወደ ሐይቁ ሲጠጋ ደግሞ ይቀንስ የምለው። ከተማው ሁሉ በአንድ ቁጥር መለካት የለበትም።

ቁጥሩን የሚወስነው ማን ነው? የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላን አስቀምጧል። መዋቅራዊ ፕላን ከተማው ወዴት እንደሚያድግና የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል ይወስናል፤ ዕድሜው ከ10 ዓመት አይበልጥም። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ ሰፈር ይወርዳል። የሕንፃ ከፍታ፣ የቤት ዓይነት፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ አረንጓዴ ቦታ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት መቅረብ አለበት።

ብዙዎቻችን ግን ፕላኑን የምናውቀው ካርታ ይዘን የግንባታ ፈቃድ ልናወጣ ስንሄድ ነው። ያኔ ሁሉም አልቋል። ቀበሌው ለስብሰባ ሲጠራ «ስንት ፎቅ?» ብቻ ብለን አንመለስ። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ጉድጓዱ ሲሞላ ፍሳሽ የሚመጠው ቦቴ የሚገባበት መንገድ ስንት ሜትር ነው?