ጽጌረዳ ሲመረጥ የሚባለውና እውነታው

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው የሚታይ ጽጌረዳ አለ፦ ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት አበባ፣ ከዚያ በታች እስከ መሬት ራቁቱን የቀረ እንጨት። ባለቤቱ ማዳበሪያ አንሶት ነው ይላል፤ ጎረቤት ውሃ በዝቶበት ነው ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው በሽታ የማይቋቋም ችግኝ የተገዛ ዕለት ነው። ግዢውን የሚያበላሹት ደግሞ ከአፍ አፍ የሚዞሩ አባባሎች ናቸው።

«በሽታ ይቋቋማል ከተባለ አይታመምም»

ይታመማል። የሚቋቋም ዝርያ በሽታው ቢይዘውም ቅጠሉን ሳያራግፍ ማበቡን ይቀጥላል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። የሚቋቋመውም አንዱን በሽታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዊልያም ራድለር አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ያዳቀለው «ኖክ አውት» የተባለ ጽጌረዳ እ.ኤ.አ. በ2000 ገበያ ላይ ሲውል ጥቁር ነጠብጣብ የተባለውን የቅጠል ፈንገስ በመቋቋሙ በየመንገዱ ዳር ተተከለ። ሆኖም በዓይን የማትታይ፣ በነፋስ የምትጓዝ ማይት የተባለች ተባይ የምታስተላልፈው «ሮዝ ሮዜት» የተባለ የቫይረስ በሽታ ይህንኑ ጽጌረዳ ይገድለዋል። ስለዚህ ሻጩ «ይቋቋማል» ካላችሁ፣ የትኛውን በሽታ ብላችሁ ጠይቁት።

«ሻጋታ ከዝናብ ጋር ይመጣል፣ ከዝናብ ጋር ይሄዳል»

ለጥቁር ነጠብጣብ እውነት ነው። ይህ ፈንገስ ቅጠሉን ለመያዝ ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል ሳይደርቅ መቆየት አለበት፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ይህን በየቀኑ ያሟሉለታል። ጠርዙ እንደ ፈሰሰ ቀለም የተበታተነ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፣ ቅጠሉ ይረግፋል። የሚጀምረው ከታችኛው ቅጠል ነው።

የአበባ እርሻ ሠራተኞች «ፓውደሪ ሚልዲው» የሚሉት ነጩ ዱቄት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ለመብቀል ቅጠሉ ላይ ውሃ አይፈልግም፤ እንዲያውም ውሃ ይጎዳዋል። የሚመቸው ቀኑ ደረቅና ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛና እርጥበት ያለው አየር ነው፤ ማለትም ጥቅምትና ኅዳር። ለጋው ቅጠል ይጠቀለላል፣ የእምቡጡ አንገት ነጭ ይለብሳል። ክረምቱን በሰላም የተሻገረ ጽጌረዳ ኅዳር ላይ ዱቄት ለብሶ ቢገኝ አይግረማችሁ። ለደጋ ግቢ ሁለቱንም የሚችል ዝርያ ያስፈልጋል፤ ምርጫውን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

«የአበባ እርሻው ጽጌረዳ ጓሮዬም ላይ እንደዚያው ያምራል»

ከሆለታ ወይም ከዝዋይ እርሻ የወጣ እቅፍ አበባ ሲያዩ ዘንጉን ቆርጦ መትከል የማያምረው የለም። ያ ዝርያ ግን የተመረጠው ለረጅም ዘንጉ፣ ጉዞ ለመቻሉና አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ለሚቆይበት ቀን ነው። ያደገውም ፕላስቲክ ጣሪያ ሥር ነው። ዝናብ ቅጠሉን ነክቶት አያውቅም፤ ውሃውን የሚያገኘው ከሥሩ በድሪፕ፣ ማለትም በጠብታ መስኖ ነው። በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ዋና ጠላት አይደለም፤ አዳቃዩም ጠላቱ ላልሆነ በሽታ ብሎ ዝርያ አይመርጥም። ሚልዲውን ደግሞ እርሻው በባለሙያ ክትትልና በርጭት ይቆጣጠረዋል። ይህን ሁሉ የለመደ ተክል ሜዳ ላይ ወጥቶ የመጀመሪያውን ክረምት ሲቀምስ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። እኔ ብሆን ለአበባ ማስቀመጫ እገዛዋለሁ እንጂ ለጓሮ አልመርጠውም።

«ቀጋ ላይ ከተዳቀለ በሽታ አይደፍረውም»

ቀጋ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ፣ ነጭ አበባና የሚበላ ፍሬ ያለው የደጋችን የዱር ጽጌረዳ ነው። እዚህ ላይ ማዳቀል ማለት የአንዱን ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላው ሥር ላይ አጣብቆ ማሳደግ ነው። ጥሩ ሥር ለላይኛው ተክል ጉልበት ይሰጠዋል፣ አፈሩንም እንዲችል ያግዘዋል። ነጠብጣብና ሚልዲው የሚይዙት ግን ቅጠሉን ነው፤ ቅጠሉ ደግሞ የላይኛው ዝርያ ነው። ሥሩ ቀጋም ሆነ ሌላ፣ ለዚህ ብዙም አይፈይድም። አንዳንዴ እንዲያውም «ጠነከረልኝ» የሚባለው ቁጥቋጦ ከተዳቀለበት ቦታ በታች ያቆጠቆጠው የሥሩ ቅርንጫፍ ሆኖ ይገኛል። የተገዛው ጽጌረዳ ተውጦ ሞቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቅርንጫፍ ከመነሻው ገንጥሎ መጣል ነው።

«የሚያብረቀርቅ ቅጠል ያለው ጠንካራ ነው፣ መዓዛ ያለው ደካማ ነው»

ሩጎሳ የተባለው የምሥራቅ እስያ ጽጌረዳ ሁለቱንም ያፈርሳል። ቅጠሉ የተጨማደደ ነው፣ መዓዛው ይጣራል፣ ጥቁር ነጠብጣብን በመቋቋም ደግሞ ከቀዳሚዎቹ ነው። ፀረ ፈንገስ ከተረጨ ግን ቅጠሉ ይቃጠላል።

«ቢጫ ጽጌረዳ ለበሽታ የተፈጠረ ነው»

ግማሽ እውነት አለው። ፈረንሳዊው ፔርኔ ዱሼ እ.ኤ.አ. በ1900 «ሶሌይ ዶር»ን ሲያወጣ ደማቁን ቢጫ ያገኘው ከፋርስ ቢጫ ጽጌረዳ ነው፤ ከቀለሙ ጋር ለጥቁር ነጠብጣብ ያላት ተጋላጭነትም አብሮ ገባ። ኋላ ግን የጀርመኑን ኮርደስ የመሰሉ አዳቃዮች የሙከራ ማሳቸው ላይ ፀረ ፈንገስ መርጨት አቁመው የወደቀውን እየጣሉ ሲሄዱ ጠንካራ ቢጫዎችም ተገኙ። ቀለሙን ትታችሁ የዝርያውን ስም ጠይቁ።

«መድኃኒት እስካለ ድረስ ዝርያው ለውጥ የለውም»

ፀረ ፈንገስ በአብዛኛው ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልለት ዓይነት ነው፤ የጠቆረውን ቅጠል አረንጓዴ አያደርገውም። አንዱን መድኃኒት ደጋግሞ መርጨት ደግሞ ፈንገሱን ያላምደዋል።

«የውጭ ምስክር ወረቀት ካለው አለቀ»

የጀርመኑ «ኤ ዲ አር» ምልክት የሚከበር ነው። ዝርያው በ11 ቦታ ለ3 ዓመት ይፈተናል፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህም ያለ ምንም ርጭት፤ ዝርያው ከጊዜ በኋላ ከደከመ ምልክቱን ይነጠቃል። ነገር ግን የጥቁር ነጠብጣብ ፈንገስ ራሱ ብዙ ዓይነት አለው፤ አንዱን የቻለ ዝርያ በሌላው ሊረታ ይችላል። የጀርመን የብርድ ወቅት ቅጠሉን ያራግፈዋል፤ እኛ ዘንድ ጽጌረዳ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ስላለው ፈንገሱም ማረፊያ አያጣም።

ስለዚህ ከካታሎግ ይልቅ ሰፈራችሁን እመኑ። መስከረም መጀመሪያ ላይ በየአጥሩ ሥር እያያችሁ ዙሩ፤ ሳይረጭ የታች ቅጠሉን ያላራገፈ ጽጌረዳ ካገኛችሁ ባለቤቱን አንድ ዘንግ ለምኑ። ችግኝ ጣቢያ ከሄዳችሁም አበባውን ሳይሆን ጎንበስ ብላችሁ የታችኛውን ቅጠልና ፕላስቲኩ ላይ የረገፈውን እዩ። ቅጠሉ ላይ የደረቀ ነጭ የርጭት ነጠብጣብ ካለ ጤናው የመድኃኒቱ ሊሆን ስለሚችል፣ መቼ እንደተረጨ ጠይቁ።