ሉክስ ምንድን ነው? የሰነድ ዐውደ ርእይ መብራቱ ለምን ይፈዛል?

የቆዩ ሰነዶች የሚታዩበት አዳራሽ ስትገቡ መብራቱ ፈዘዝ ይልባችኋል። «መብራት ቆጥበው ነው እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አዎ፣ ቆጥበው ነው፤ ግን ለቆጣሪው ብለው አይደለም።

ሉክስ አንድ ነገር ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት ነው። ጥርት ባለ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ የመታው ቦታ 100,000 ሉክስ ገደማ ይደርሳል። ደህና መብራት ያለው ቢሮ ከ300 እስከ 500 ነው። ብርሃን ቶሎ ለሚጎዳው ሰነድ ግን የተለመደው ጣሪያ 50 ሉክስ ነው። መለኪያው የሚቀመጠውም አምፖሉ ሥር ሳይሆን ሰነዱ ያለበት ቦታ ላይ ነው።

ብርሃን ያደረሰው ጉዳት ይጠራቀማል። ሰነዱን መልሳችሁ ጨለማ ውስጥ ብታስቀምጡት የለቀቀ ቀለም አይመለስም። ስለዚህ ሉክሱ በሰዓት ይባዛል። አንድ ደብዳቤ በ50 ሉክስ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ለ12 ሳምንት ቢታይ 28,800 ሉክስ ሰዓት ይደርስበታል። 500 ሉክስ ያለበት ክፍል ውስጥ ቢሆን ይህን ያህል ብርሃን የሚያገኘው ከ7 ቀን በጥቂቱ በሚበልጥ ጊዜ ነው።

ይህን ያልተጠነቀቁለት ሰነድ ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ ዋሽንግተን ይሂድ። የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ከ1841 እስከ 1876 (እ.ኤ.አ.) በፓተንት መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ፣ ከመስኮት ትይዩ ተሰቅሎ ነበር። ከዚያ በፊት በየጊዜው መጠቅለሉና መዘርጋቱም አልበጀውም። ዛሬ ጽሑፉም ፊርማዎቹም እጅግ ደብዝዘዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ያረጀው ሁሉ ይበልጥ ስስ አይደለም። ከጥላሸት በተሠራ ጥቁር ቀለም የተጻፈ ብራና፣ ጽሑፉ ብርሃንን በደንብ ይችላል። የሚያሰጋው ሥዕሉ ላይ ያለው ከተክል የተገኘ ቀለም ነው። የአያቶቻችን የእስኪሪብቶ ደብዳቤ፣ ባለ ቀለም ፎቶና ጋዜጣ ደግሞ ከብራናው ቀድመው ሊጎዱ ይችላሉ። ጋዜጣማ ጥቂት ቀን ፀሐይ ቢያገኘው ቢጫ ይሆናል። በነገራችን ላይ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ውስጥ መቀመጣቸው ከአቧራና ከመጋጨት ብቻ ሳይሆን ከብርሃንም ጠብቋቸዋል።

ታዲያ ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ ቤተ መጻሕፍት ምን ያድርግ? መጀመሪያ መስኮቱን ይጋርድ። መብራቱን ከመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ያውጣ፤ ሙቀቱ ብራናውን ያደርቀዋል። መግቢያውንም ደብዘዝ ያድርገው፣ ዓይን ቀስ በቀስ እንዲለምድ። ከደጅ ፀሐይ በቀጥታ 50 ሉክስ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ ምንም አይታየውም። የመግለጫ ጽሑፉ ደግሞ ጎላ ይበል። በዚያ ብርሃን ጥቃቅን ፊደል ለጥፎ ጎብኚን ማስጎንበስ፣ በእኔ እምነት፣ ንቀት ነው።

መጽሐፍ ከሆነ ገጹ በየጥቂት ወሩ ይገለጣል፤ አንዱ ገጽ ብቻ ሁሌ እንዳይመታ። ነጠላ ወረቀት ግን የሚገለጥ ገጽ የለውም። ጊዜው ሲሞላ ዋናው ወደ መጋዘን ይገባና በጥሩ ቅጂ ይተካል፤ «ይህ ቅጂ ነው» ተብሎ በግልጽ ይጻፍበት እንጂ ምንም ነውር የለውም።