ከሊግ 1 በታች ያለችው ፈረንሳይ፦ ልጆች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች እና እውነታው

ፓሪስ ሴንት ዠርሜንን የማያውቅ ኳስ ወዳድ ልጅ አይገኝም። ከእሱ በታች፣ ከዚያም በታች ስላሉት ክለቦች ስትጠየቁ ግን የምትመልሱት አብዛኛውን ጊዜ ከሰፈር ልጆች የሰማችሁትን ነው፤ ብዙው ደግሞ ልክ አይደለም። እኔ እነዚህን የታች ሊጎች ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ፈረንሳይ ያሏት 2 ሊጎች ብቻ ናቸው»

በቴሌቪዥን የምታዩት ሊግ 1 እና ሊግ 2 ስለሆኑ እንጂ ደረጃው ከዚያ በኋላም ይወርዳል። በ2024/25 የውድድር ዘመን በ3ኛው እርከን ላይ ናሲዮናል የሚባል ሊግ ነበር። 4ኛው ናሲዮናል 2፣ 5ኛው ናሲዮናል 3 ነበር። ከዚያ በታች የየክልሉ ሊጎች፣ በመጨረሻም የሰፈርና የመንደር ቡድኖች የሚገናኙባቸው የየአካባቢው ውድድሮች ይመጣሉ። የላይኞቹን ሁለቱን የሚመራው የፕሮፌሽናል ሊግ ማኅበሩ ሲሆን ከ3ኛው እርከን ወደ ታች ያለው የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና የክልል ቅርንጫፎቹ ድርሻ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ናሲዮናል አንድ ሊግ ነበር። በዚያው ዘመን ግን ናሲዮናል 2 በ3 ምድብ፣ ናሲዮናል 3 ደግሞ ከዚያ በበለጡ ምድቦች ተከፍለው ነበር። ለምን ይመስላችኋል? መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው። በሰሜን ጫፍ ካለችው ዳንከርክ ተነስቶ በደቡብ ያለችው ማርሴይ ለመድረስ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። ታች ያለ ክለብ አውሮፕላን የሚከራይበት ገንዘብ የለውም፤ ብዙዎቹ ተጫዋቾችም ሰኞ ጠዋት ሌላ ሥራ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር እንዲጫወት ይመደባል። እርከኑ በወረደ ቁጥር ምድቡ ይበዛል፣ መንገዱም ያጥራል።

«ታች የሚጫወቱት ችሎታ የሌላቸው ናቸው»

ይህንን ስሰማ በጣም ይቆጨኛል። ንጎሎ ካንቴን ታውቁታላችሁ አይደል? ልጅ ሳለ የተጫወተው ከፓሪስ አጠገብ ባለችው ሱሬን ለሚገኝ ትንሽ ክለብ ነበር። በ2010 ወደ ቡሎኝ ሄደና መጀመሪያ በተጠባባቂው ቡድን፣ በ2012/13 ደግሞ ከዋናው ቡድን ጋር በናሲዮናል ተጫወተ። ያኔ መኪና አልነበረውም፤ ልምምድ የሚመጣው በእግር በሚገፋ ስኩተር እንደነበር ይነገራል። በ2016 ከሌስተር ጋር የእንግሊዝ ሻምፒዮን፣ በ2018 ከፈረንሳይ ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

በዚያው የሌስተር ቡድን ውስጥ የነበረው ሪያድ ማህሬዝም በ2009/10 በ4ኛው እርከን ለካምፔር ተጫውቷል። ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን 57 ጎል ያስቆጠረው ኦሊቪየር ዢሩ ደግሞ በ2007/08 በናሲዮናል ለኢስትር በውሰት ተጫውቶ ነው የበሰለው። ወጣት ሆነው ቶሎ ያልፋፉ፣ «ትንሽ ነህ» ተብለው ከትልልቅ አካዳሚዎች የተመለሱ ልጆች እንደገና ሜዳ የሚያገኙት እዚህ ነው።

የትልልቅ ክለቦች ተጠባባቂ ቡድኖችም ታች ባሉት ሊጎች ይጫወታሉ። ነገር ግን የቱንም ያህል ቢያሸንፉ 3ኛው እርከን ድረስ ማደግ አይፈቀድላቸውም።

«ብዙ ነጥብ ያገኘ ሁልጊዜ ያድጋል»

ከላይ ሆኖ የጨረሰ ያድጋል፣ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ያለቀ ይወርዳል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ እውነት ነው። ለማደግ ሁለት በር ማለፍ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ሜዳው፣ ሁለተኛው የሒሳብ መዝገቡ ነው። በፈረንሳይ የክለቦችን ገንዘብ የሚመረምር አካል አለ። ክለቡ ለተጫዋቾች የሚከፍለው ደመወዝ አለው? ዕዳው ስንት ነው? እያለ ይጠይቃል። መልሱ ካላረካው ክለቡን እንዳያድግ ሊከለክል ወይም ወደ ታች ሊያወርድ ይችላል። ስታዲየሙም ለሚያድግበት ሊግ የሚመጥን መሆን አለበት።

ሉዝናክ የምትባል መንደር አለች። በፒሬኔ ተራሮች ውስጥ የምትገኝ ስትሆን ነዋሪዎቿ 600 ያህል ብቻ ናቸው። አንዳንዶቻችሁ የምትማሩበት ትምህርት ቤት ከዚህ የበለጠ ተማሪ አለው። የዚህች መንደር ክለብ በ2013/14 በናሲዮናል 2ኛ ሆኖ ጨረሰና ወደ ሊግ 2 የማደግ መብት በሜዳ አገኘ። የ1998ቱ የዓለም ሻምፒዮን በረኛ ፋቢያን ባርቴዝ በክለቡ አመራር ውስጥ ነበር። ከዚያ ግን በጋውን ሙሉ ክርክር ሆነ። መጀመሪያ የገንዘቡ፣ ቀጥሎ የስታዲየሙ ጥያቄ ተነሳ፤ ቱሉዝ ውስጥ የራግቢ ስታዲየም ቢፈልጉም አልተሳካላቸውም። በመጨረሻ ሊግ 2 አልቀበልም አለ። ናሲዮናልም አልተመለሱም፤ ዋናው ቡድን ፈረሰ፣ ተጫዋቾቹ ተበተኑ፣ ክለቡ በክልል ደረጃ ቀረ። ሕጉ ለምን እንደተሠራ ይገባኛል፤ ደመወዝ መክፈል የማይችል ክለብ ሲፈርስ የሚጎዱት ተጫዋቾችና ሠራተኞች ናቸው። ቢሆንም ሜዳ ላይ ላብ አፍስሰው ያገኙትን ያጡትን እነዚያን ልጆች ሳስብ አሁንም ያመኛል።

የስታዲየሙ ነገር ሬድ ስታርንም አስቸግሯል። ይህ ክለብ በ1897 የተመሠረተ ሲሆን ከመሥራቾቹ አንዱ ኋላ የዓለም ዋንጫን ያስጀመረው ዡል ሪሜ ነው። በ2015 ሊግ 2 ሲገባ አሮጌው የባወር ስታዲየሙ መስፈርቱን ስላላሟላ በሜዳው ሊጫወታቸው የሚገቡትን ጨዋታዎች ወደ ቦቬ ከተማ ሄዶ ለመጫወት ተገደደ።

«ትልቅ ክለብ ታች አይገኝም»

ቦርዶ 6 ጊዜ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2024 በገንዘብ ችግር ምክንያት የፕሮፌሽናልነት ደረጃውን ትቶ ናሲዮናል 2 ገባ። 42,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ያለው ክለብ በየሳምንቱ ወደ ትንንሽ ከተሞች ሜዳ መጓዝ ጀመረ ማለት ነው።

«ከወረደ አበቃለት» የሚሉም አሉ። ስትራስቡርግ በ2011 ከስሮ 5ኛው እርከን ድረስ ወረደ። ደጋፊዎቹ አልተዉትም። አንድ እርከን፣ ሌላ እርከን እያለ ወጣና በ2017 ሊግ 1 ተመልሶ ገባ።

«ለተሸነፈ ነጥብ ተሰጥቶ አያውቅም»

ተሰጥቶ ያውቃል! ዛሬ እንደሌላው ሁሉ ላሸነፈ 3፣ አቻ ለወጣ 1 ነው። በፈረንሳይ አማተር ሊጎች ግን ለብዙ ዓመታት ላሸነፈ 4፣ አቻ ለወጣ 2፣ ለተሸነፈ 1 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ዜሮ የሚያገኘው በፎርፌ የተሸነፈ ነበር። ሜዳ መጥቶ መጫወት ራሱ ዋጋ ነበረው።

«ትንሽ ክለብ ከትልቅ ጋር አይገናኝም»

በሊግ አይገናኝም፣ በፈረንሳይ ዋንጫ ግን ይገናኛል። በዚህ የጥሎ ማለፍ ውድድር በየዓመቱ ከ7,000 በላይ ክለቦች ይመዘገባሉ። ዕጣው ከሜዳው ውጭ ያደረሰው ክለብ ከተጋጣሚው 2 እርከን ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ያለ ከሆነ ጨዋታው ወደ እሱ ሜዳ ይዞራል። ከፓሪስ ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚገኘው የሬዩኒዮን ደሴት የራሱ ሊግ አለው፤ ክለቦቹ የፈረንሳይን ትልልቅ ቡድኖች የሚያገኙት በዚህ ዋንጫ ነው። በጥር 2020 የደሴቱ ክለብ ሴን ፒዬሯዝ ያኔ በሊግ 2 ይጫወት የነበረውን ኒዮርን 2 ለ 1 አሸንፎ ነበር።

በ2000 ደግሞ በ4ኛው እርከን የነበረው ካሌ የዋንጫውን ፍጻሜ ደረሰ። በግማሽ ፍጻሜው ያሸነፈው ያኔ ሻምፒዮን የነበረውን ቦርዶን ነው። በፍጻሜው ናንትን 1 ለ 0 መርቶ በመጨረሻ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ ሁለተኛው ጎል በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በፍጹም ቅጣት ምት የገባ ነው። ዋንጫው ሊሰጥ ሲል የናንት አምበል ሚካኤል ላንድሮ የካሌን አምበል ጠራው። ዋንጫውን አንዱን ጆሮ አንዱ፣ ሌላውን ሌላው ይዘው አብረው አነሱት።

ዋንጫው ግን ለሊጉ ነጥብ አይጨምርም። በ2018 የናሲዮናሉ ሌ ዘርቢዬ ግንቦት 8 ቀን ከፓሪስ ሴንት ዠርሜን ጋር ለፍጻሜ ተጫውቶ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ሳምንት የሊጉን የመጨረሻ ጨዋታ አድርጎ ወደ ናሲዮናል 2 ወረደ።