ጋርሲያ የተባለ ሁሉ ስፔናዊ አይደለም፦ ስለ ፊሊፒኖዎች ስምና ዘር የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ዓረብ አገር የሠራ ሐበሻ ፊሊፒኖዎችን ያውቃል። አንድ ቤት አብረው ይሠራሉ፣ አንድ ሆስፒታል አብረው ያድራሉ። አሜሪካ ያሉ ነርሶቻችንም እንደዚያው። ስማቸው ግን ብዙዎቻችንን ግራ ያጋባል። መልካቸው የእስያ፣ ስማቸው ጋርሲያ፣ ሬየስ፣ ሜንዶዛ። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል፦ «እነሱ እኮ የስፔን ክልሶች ናቸው።»

ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። ራሳቸው ፊሊፒኖዎች ውስጥም የሚያምነው ብዙ ነው። ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ቀላል አይመስለኝም። ለአንድ ሰው ያልነበረውን አያት ስንሰጠው፣ የነበሩትን አያቶቹን እየነጠቅነው ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የስፔን ስም ያለው የስፔን ደም አለው»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሌሎቹም የሚወለዱት ከዚህ ነው።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አብዛኛው ፊሊፒኖ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም አልነበረውም። ሰው ሲጠመቅ የክርስትና ስም ይሰጠዋል። ሁለተኛ ስም ካስፈለገ ደግሞ ከሃይማኖቱ ይወስዳል። «ዴ ሎስ ሳንቶስ»፣ «ዴ ላ ክሩዝ»፣ «ዴል ሮሳሪዮ» የሚሉት በብዛት የተለመዱት እንዲህ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ የማይዛመዱ ሰዎች አንድ ስም ይይዛሉ። የአንድ እናትና አባት ልጆች ደግሞ የተለያየ ስም ይኖራቸዋል።

ለሰዉ ችግር አልነበረም። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል። ችግሩ የመንግሥት ነበር። ግብር ሰብሳቢው ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ ማለት አቃተው። ፍርድ ቤቱም ተከሳሹን ከስመ ሞክሼው መለየት ተቸገረ። ቤተ ክርስቲያንም ተቸግራለች። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው እነሱም የዝምድና ደረጃ ይቆጥራሉ። ስሙ ካልያያዘ ዝምድናውን ማጣራት ከባድ ነው።

በጊዜው ፊሊፒንስን የምትገዛው ስፔን ነበረች፤ አገረ ገዥዋም ናርሲሶ ክላቬሪያ ነበር። ክፍለ ሀገራቱን ዞሮ ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ኅዳር 21 ቀን 1849 አዋጅ አወጣ። በአዋጁ መሠረት 61,000 ያህል ስሞች በፊደል ተራ የተደረደሩበት መዝገብ ተዘጋጀ። ለየክፍለ ሀገሩ የሚበቃ ያህል ስም ተከፋፈለ። ከዚያ ወደ ከተሞቹ ወረደ። የቤተሰቡ ኃላፊ በቄሱና በመንደሩ ሹማምንት ፊት ከዝርዝሩ ስም ይመርጣል፣ ወይም ይመረጥለታል። ልጆቹም ያንን ይይዛሉ። የትምህርት ቤት መምህራን የተማሪዎቹን ስም መዝግበው፣ ልጁ በዚያ ስም ብቻ እንዲጠራ እንዲያደርጉ ታዘዙ።

ስለዚህ አንድ ሜንዶዛ ስሙን ያገኘው ምናልባት በ1850 አካባቢ ከአንድ ወረቀት ላይ ነው። ሜንዶዛ የሚባል ስፔናዊ አያት ስለነበረው አይደለም።

ክላቬሪያ ነገሮችን በሥርዓት ማስያዝ የሚወድ ሰው ነበር። ፊሊፒንስ የምትተዳደረው በሜክሲኮ በኩል ስለነበር የቀን አቆጣጠሯ ከጎረቤቶቿ በአንድ ቀን ወደኋላ የቀረ ነበር። እሱ ይህንንም አስተካከለ። ታኅሣሥ 31 ቀን 1844 ከካሌንደሩ እንዲወጣ አዘዘ። ሰዎች ሰኞ ተኝተው ረቡዕ ነቁ። የስሙን አዋጅ የምረዳው ከዚህ ጋር አያይዤ ነው። የስፔንን ዘር ለማስፋት የታሰበ ነገር አልነበረም፤ የቢሮ ሥራ ነበር።

«መዝገቡ የስፔን ስም ብቻ ነበር፤ የአገሬው ስም ጠፋ»

አልጠፋም። መዝገቡ ውስጥ ከስፔን ስሞች ጋር የአገሬው ቃላት፣ የእፅዋትና የቦታ ስሞች ገብተው ነበር። ዛሬም ካታኩታን፣ ዲማዩጋ፣ ፓንጋኒባን፣ ጋትማይታን የሚባሉ ቤተሰቦች በየቦታው አሉ። ከፊሊፒንስ ፕሬዚዳንቶች መካከል ራሞን ማግሳይሳይንና ዲዮስዳዶ ማካፓጋልን ውሰዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ስፔንኛ፣ የቤተሰብ ስማቸው የአገሬው ነው።

«እንግዲያው ሁሉም ስም በ1849 የታደለ ነው»

ይህን ደግሞ የሚሉት ስለ አዋጁ በቅርቡ ያነበቡ ሰዎች ናቸው። ከአንዱ ስህተት ወጥቶ ሌላው ውስጥ መግባት ነው።

አንድ ቤተሰብ በአንድ ስም ቢያንስ አራት ትውልድ ከቆየ ስሙን እንዲይዝ ተፈቅዶለት ነበር። ስለዚህ ዛሬ በብዛት የምንሰማቸው ሳንቶስ፣ ክሩዝ፣ ሬየስ፣ ባውቲስታ ብዙ ጊዜ ከአዋጁ በፊት የነበሩ ናቸው። ምንጫቸው የጥምቀት ልማድ ነው። እነሱም ቢሆኑ የደም ምልክት አይደሉም።

አዋጁ ያልደረሰበት ሕዝብም አለ። በደቡብ ሚንዳናኦና ሱሉ ያሉ ሙስሊሞች በስፔን አስተዳደር ሥር በወጉ ገብተው አያውቁም። በሰሜን የኮርዲሌራ ተራሮች የሚኖሩትም እንዲሁ። ከደቡቦቹ ሙስሊሞች ማራናኦ ወይም ታውሱግ የሆነ ሰው ስሙ ከዓረብኛ ወይም ከራሱ ቋንቋ የመጣ ቢሆን የሚገርም ነገር የለውም።

«መካከለኛው ስም የአባት ስም ነው»

ይህ በተለይ የእኛ ስህተት ነው። በእኛ ልማድ ሁለተኛው ስም የአባት፣ ሦስተኛው የአያት ነው። ኢቃማ (የዓረብ አገር የመኖሪያ ፈቃድ) ላይ ማሪያ ሳንቶስ ሬየስ የሚል ስም ስናይ ሳንቶስን አባቷ እናደርገዋለን። በፊሊፒንስ መካከለኛው የእናቷ የቤተሰብ ስም ነው። ሬየስ የአባቷ ቤተሰብ ስም ነው። ካገባች ብዙ ጊዜ የባሏን የቤተሰብ ስም ትይዝና የራሷ ወደ መሃል ይገባል። ስለዚህ ከስሙ የአባትየውን መጠሪያ ማወቅ አይቻልም።

«ስሙ የስፔን ከሆነ ቻይናዊ ዘር የለውም»

ስለ ክልስነት ሲነሳ ሰዎች ስፔንን ያስባሉ። በታሪክ የፊሊፒንስ ትልቁ የክልስ ማኅበረሰብ ግን የቻይናና የአገሬው ነው። ይህን የሚያህል እውነት እንዴት እንደሚረሳ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በ1810 አካባቢ የአገሩ ሕዝብ ወደ 2.5 ሚሊዮን ነበር። የቻይና ክልሶች ወደ 120,000 ይደርሱ ነበር። በአንጻሩ ነጮቹ ሲቆጠሩ ወደ 4,000 ብቻ ነበሩ።

ከደቡብ ቻይና፣ በተለይ ከፉጂያን፣ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ወደ ማኒላ ይመጣል። ብዙዎቹ ወንዶች ነበሩ። ክርስትና ተነሥተው የአገሬውን ሴት ያገባሉ። ለእነዚህ ቤተሰቦች በ1594 ቢኖንዶ የሚባል ሰፈር ተሰጠ፤ ዛሬም የማኒላ የቻይና ሰፈር ነው። ሲጠመቁ ብዙ ጊዜ የክርስትና አባታቸውን የስፔን ስም ይወስዳሉ። እንግዲህ ከቻይናዊ አባት የተወለደ ልጅ የስፔን ስም ይዞ ያድጋል ማለት ነው።

ከሁሉ ግልጽ የሆነው ምሳሌ ሆሴ ሪዛል ነው። ፊሊፒኖዎች ብሔራዊ ጀግናችን የሚሉት፣ ስፔኖች ታኅሣሥ 30 ቀን 1896 የረሸኑት ሐኪምና ጸሐፊ። የአያቱ አያት ዶሚንጎ ላምኮ ከፉጂያን የመጣ ሰው ነበር። በ1731 ሜርካዶ የሚለውን ስም ያዘ። በክላቬሪያ አዋጅ ጊዜ ደግሞ የቤተሰቡ አባት ሪዛል የሚለውን ጨመረ። ግን ሜርካዶ መባሉ አልቀረም። በ1872 ቄስ ሆሴ ቡርጎስ በመንግሥት ላይ አምጸሃል ተብሎ ተገደለ። የሪዛል ታላቅ ወንድም ፓሲያኖ የዚህ ቄስ ቅርብ ሰው ስለነበር ሜርካዶ የሚለው ስም በክፉ ዓይን መታየት ጀመረ። ትንሹ ሆሴ ትምህርት ቤት ሲገባ በሪዛል ተመዘገበ። አንድ ቤተሰብ፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ ሦስት ስም። አንዱም ስም ስለ ስፔን ደም አይናገርም።

የስፔን የሚመስሉ፣ ግን የቻይና የሆኑ ስሞችም አሉ። በ«ኮ» የሚያልቁ እንደ ኮሁዋንኮ፣ በ«ሶን» የሚያልቁ እንደ ላክሶንና ሲሶን ያሉት ከፉጂያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖ በትውልድ ኮሁዋንኮ ናቸው። በ1988 ቻይና ሲሄዱ ቅድመ አያታቸው የወጡበትን የፉጂያን መንደር ጎብኝተዋል።

ዘር በዚያን ጊዜ የግብር ጉዳይም ነበር። ስፔናዊና የስፔን ክልስ ግብር አይከፍልም። የአገሬው ሰው ይከፍላል። የቻይና ክልስ እጥፍ ይከፍላል። ቻይናዊው ከሁሉም ይበልጣል። ይህ ሥርዓት በ1880ዎቹ እስኪቀር ድረስ ሰው መዝገብ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ኪሱን ይነካው ነበር።

«333 ዓመት ስለተገዙ ሕዝቡ ተቀላቅሏል»

ስፔን የገዛችበት ከ1565 እስከ 1898 ያለው ጊዜ ረጅም ዘመን ነው። ሰዎች እንደ እነሱ በስፔን የተገዛችውን ሜክሲኮን ያዩና «እዚያ ከሆነ እዚህም ሆኗል» ይላሉ።

ግን የመጣው ስፔናዊ በጣም ጥቂት ነበር። ከሜክሲኮ ወደብ ከአካፑልኮ እስከ ማኒላ ያለው የመርከብ ጉዞ ብቻ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። ከአውሮፓ የሚመጣውን መንገድ ያሳጠረው የስዊዝ ቦይ የተከፈተው በ1869 ነው፤ ያኔ አገዛዙ ሊያበቃ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልቀረውም። ከመጡትም ብዙዎቹ ማኒላ ቁጭ አሉ። ወታደር ሆነው የመጡት ብዙዎቹ ደግሞ ከሜክሲኮ የተላኩ፣ ራሳቸው ክልስ የነበሩ ናቸው። በገጠር ከመነኩሴው በቀር ስፔናዊ የሌለበት ከተማ በርካታ ነበር።

መነኩሴውም የአገሬውን ቋንቋ ይማራል እንጂ ሕዝቡን ስፔንኛ አያስተምርም። ለዚህ ነው ከ333 ዓመት በኋላም ስፔንኛ የሕዝቡ ቋንቋ ያልሆነው። ከመነኮሳት የተወለዱ ልጆች ነበሩ፤ በዘመኑ የሚታወቅ ነገር ነው። እነዚያ ልጆች ግን የአባታቸውን ስም አይዙም። ደሙ አለ፣ ስሙ የለም።

በ2021 የታተመ ሰፊ የዘረመል ጥናት ከ115 የፊሊፒንስ ማኅበረሰቦች የተወሰደ የአንድ ሺህ ያህል ሰዎች ናሙና መርምሮ ነበር። የአውሮፓ ዝርያ የታየው በጥቂቱ ነው፤ እሱም በአንዳንድ የከተማ ነዋሪዎች፣ በቢኮል ክልል ሰዎችና ቻቫካኖ በሚናገሩት ላይ። ቻቫካኖ በዛምቦአንጋና በካቪቴ የሚነገር፣ ከስፔንኛ የተወለደ ቋንቋ ነው።

«ስለዚህ የስፔን ዝርያ አለኝ የሚል ይዋሻል»

አይዋሽም። ጥቂት ነው ማለት የለም ማለት አይደለም። ለምሳሌ የታወቁት ዞቤል ደ አያላዎች የስፔንና የጀርመን ዝርያ ያላቸው ባለሀብቶች ናቸው። ስማቸው ያልታወቀ፣ ድሃ ሆነው የስፔን አያት ያላቸውም አሉ። የአያቷን ታሪክ ከቤቷ የሰማች ሴት ስትናገር፣ አዋጅ አንብበናል ብለን ልናስተባብላት አይገባም።

ቅልቅሉ በስፔን አላበቃም። አሜሪካ ከ1898 እስከ 1946 አገሩን ገዝታለች። ክላርክና ሱቢክ የነበሩት የጦር ሰፈሮቿ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቆይተዋል። በእነዚህ ሰፈሮች ዙሪያ ከአሜሪካ ወታደሮች የተወለዱ ብዙ ልጆች አሉ። በ1982 አሜሪካ ከወታደሮቿ የተወለዱ የእስያ ልጆች ወደ አገሯ እንዲገቡ የሚፈቅድ ሕግ ስታወጣ ኮሪያን፣ ቬትናምን፣ ላኦስን፣ ካምቦዲያንና ታይላንድን ጠቀሰች። ፊሊፒንስን አልጨመረችም። ስለ ክልስነት ከልብ የሚያወራ ሰው ስለ እነዚህ ልጆች ቢያወራ ደስ ይለኛል። አባታቸው ማን እንደሆነ የማያውቁ፣ የእናታቸውን ቤተሰብ ስም የያዙ ብዙዎች ናቸው። ያ ስም ደግሞ የስፔን ሊሆን ይችላል።

«እንግዲያው ስሙ ምንም አይነግረንም»

ይነግረናል። የሚነግረን ግን ስለ ዘር ሳይሆን ስለ ቦታ ነው።

መዝገቡ በፊደል ተራ የተዘጋጀ ነበር ብያለሁ። ለአንዳንድ ከተሞች የደረሳቸው የአንድ ፊደል ገጾች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የከተማው ሰው ሁሉ በአንድ ፊደል የሚጀምር ስም ያዘ። በአልባይ ክፍለ ሀገር ኦአስ የምትባል ከተማ አለች፤ የነባሮቹ ቤተሰቦች ስም በ«ር» ይጀምራል። በሮምብሎን ያለችው የባንቶን ደሴት ደግሞ የ«ፍ» ናት፦ ፋቤላ፣ ፋቢቶ፣ ፋድሪ። እነዚህን ስሞች የያዘ ሰው ማኒላ ወይም ዱባይ ቢወለድም፣ በ1850 አካባቢ ቤተሰቡ የት እንደነበረ ጥሩ ፍንጭ አለው።

ከዚያ ወደኋላ ለመሄድ ሥራው ይከብዳል። ከአዋጁ በፊት ያው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በሌላ ስም ነበር። ስለዚህ የቤተሰብ ስሙን ይዞ የደብሩን የጥምቀት መዝገብ ማገላበጥ ከ1849 በፊት ላለው ብዙም አይረዳም። የክርስትና ስምን፣ የሚስትን ስምና መንደሩን አንድ ላይ አያይዞ መፈለግ ያስፈልጋል። በ1945 የማኒላ ጦርነት ብዙ መዝገብ ተቃጥሏል። በየገጠሩ ደብር የተረፉት ግን አሉ፤ የሚፈልጉ ቤተሰቦችም ዛሬ ድረስ ያገላብጧቸዋል።