ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ምንድን ነው?

ከብልቷ የሚወጣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያስቸገራት ሴት መጀመሪያ የምታደርገው መታጠብ ነው። ሳሙና፣ የጨው ውሃ፣ ሎሚ፣ አንዳንዴም ዴቶል። ሽታው ለአንድ ቀን ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። እሷም ደግማ ትታጠባለች። «ንጽሕና የላትም» እንዳትባል ለእህቷም አትናገርም። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። ችግሩ ቆሻሻ አይደለም። ስሙ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ነው፤ ሲያጥር ቢቪ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ23 እስከ 29 በመቶ የሚሆኑት አለባቸው።

በጤነኛ ሴት ብልት ውስጥ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አንድ ላይ ሲጠሩ ማይክሮባዮም ይባላሉ። ከእነሱ ውስጥ ጠባቂዎቹ ላክቶባሲለስ የሚባሉት ናቸው። ሊጥ የሚያኮመጥጡት፣ ወተቱን እርጎ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎችም የእነዚሁ ዘመዶች ናቸው። ሥራቸውም ይመሳሰላል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በብልት ግድግዳ ሴሎች ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት እንዲኖር ያደርጋል። ላክቶባሲለስ ከዚህ እየተመገበ ላክቲክ አሲድ ያመርታል። በዚህ የተነሳ የብልቱ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው) ከ4.5 በታች ይሆናል፤ ኮምጣጣ ማለት ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በዚህ ኮምጣጣነት ውስጥ እንደልብ መራባት አይችሉም።

ላክቶባሲለስ ሲቀንስ ግን ጋርድነሬላ፣ ፕሪቮቴላና ሌሎችም ቦታውን ይይዛሉ። ቢቪ ማለት ይኸው ነው፤ አንድ ጀርም ብቻውን የሚያመጣው ሳይሆን የውስጡ ሚዛን ሲዛባ የሚመጣ። ፈሳሹ ቀጠን ያለ፣ ነጣ ወይም ግራጫ የሚል ነው። ሽታው የዓሣ ነው። ባሕር ዳር ላይ ጣና ዳር ዓሣ ሲበለት የቆመ ሰው ያውቀዋል። የሚያሸተው ትራይሜቲላሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ዓሣውም ላይ ያለው፣ እዚህም የሚፈጠረው ያው ነው። ከግንኙነት በኋላ የሚብሰውም የወንድ ዘር ፈሳሽ ኮምጣጣነቱን ስለሚያለዝበው ነው። ብዙዎች ደግሞ ምንም ምልክት አያዩም።

አሁን ወደ ሳሙናው እንመለስ። ውስጥን በሳሙና ወይም በዴቶል ማጠብ ጠባቂዎቹንም ጠርጎ ይወስዳል። ሽታው የሚመለሰው በደንብ ስላልታጠበች ሳይሆን፣ ስለታጠበች ሊሆን ይችላል። የውጩን በንጹህ ውሃ መታጠብ ይበቃል። ውስጡን ተይው። እርጎ መቀባትም አያዋጣም፤ በእርጎ ውስጥ ያሉት ዘመድ ይሁኑ እንጂ ብልት ውስጥ የሚኖሩት ዓይነት አይደሉም።

ሌላው ጣጣ ፋርማሲ ላይ ነው። የገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት እናት መስኮቱ ላይ ተጠግታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ፈሳሽ ነገር አለኝ» ትላለች። ከኋላዋ ወንዶች ቆመዋል። ባለሙያው ዝርዝር ቢጠይቃትም አትመልስም፤ እንዴት ትመልስ? የፈንገስ ቅባት ይዛ ትሄዳለች። የፈንገስ ፈሳሽ ግን አይብ የመሰለ ወፍራም ነው፣ ያሳክካል፣ እንዲህ ያለ ሽታም የለውም። ለፈንገስ የተሠራ መድኃኒት ለቢቪ አንዳች አያደርግም። ስለዚህ ብትችይ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ለብቻሽ በር ተዘግቶ ተናገሪ። ሦስቱን ነገር ብቻ ንገሪያቸው፦ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ያሳክክ እንደሆነ።

ላቦራቶሪ ባለበት ምርመራው ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሚሠራበት መንገድ አራት ነገር ያያል፦ የፈሳሹን መልክ፣ ፒኤቹን፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኬሚካል ጠብ ሲደረግበት ሽታው መነሳቱን፣ በማይክሮስኮፕ ደግሞ ጠርዛቸው በባክቴሪያ የተሸፈነ ሴሎች መታየታቸውን። ከአራቱ ሦስቱ ከተገኙ ቢቪ ነው። ብዙ ጤና ጣቢያ ላይ ግን በምልክቱ ብቻ ይታከማል።

መድኃኒቱን ጎጃም ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ለአሜባና ለጃርዲያ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ነው። ለቢቪ የተለመደው 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ነው። ስለሚታወቅ ነው ችግሩ የሚመጣው፤ ከልጅ አሜባ የተረፈውን ሁለት ሦስት ፍሬ ውጦ «ሻል አለኝ» ማለት። ሽታው ቢጠፋም እስከ መጨረሻው ይወሰድ።

እንዲያም ሆኖ ቢቪ ይመላለሳል። ከታከሙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዓመት ውስጥ ይመለስባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አንዱን ምክንያት አሳየ። ሚስቲቱ ብቻ ስትታከም በ12 ሳምንት ውስጥ 63 በመቶ ላይ ተመለሰ፤ ባልም በክኒንና በቅባት አብሮ ሲታከም ወደ 35 በመቶ ወረደ። ባክቴሪያዎቹ በወንዱም ላይ ይኖራሉ፣ እሱ ግን ምንም አይሰማውም። ይህ ማለት አንዱ ከትዳር ውጭ ሄዷል ማለት አይደለም። ይህን ሳላሰምርበት አላልፍም፤ በዚህ ጥርጣሬ ቤት ሊፈርስ ይችላል። የሚመላለስባችሁ ከሆነ ተያይዛችሁ ሐኪም ጋ ቅረቡ።

ዝም ቢሉት ደግሞ ኤችአይቪን ጨምሮ በግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎች በቀላሉ እንዲይዙ በር ይከፍታል። ነፍሰ ጡር ላይ ምጥ ያለጊዜው የመምጣት አደጋን ይጨምራል። እርጉዝ ከሆንሽ ለክትትል ስትሄጂ አዋላጇ ባትጠይቅሽም አንሺው። ሜትሮኒዳዞል በእርግዝና ጊዜም የሚታዘዝ መድኃኒት ነውና ለጽንሱ ብለሽ ሽታውን ታግሰሽ አትቆዪ።