የግንባታ መወጣጫ በጎጃም፦ አጣና፣ ብረትና ዋልካ መሬት

መወጣጫ ግንበኛ፣ ለሳኝና ቀለም ቀቢ ከመሬት ከፍ ብለው የሚሠሩበት ጊዜያዊ መቆሚያ ነው። ስካፎልዲንግም ይባላል። በባሕር ዳር፣ በዳንግላ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በደብረ ማርቆስ ብዙ ጊዜ ዓይን የሚገባው የባሕር ዛፍ አጣናው ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን አገር ውስጥ ገባ፤ ዛሬ በጎጃም ከብዙ ገበሬ ማሳ ዳር አይጠፋም። በአዊ ቀርከሃም ሞልቷል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ረጃጅም ፎቆች ለብዙ ዘመን በቀርከሃ መወጣጫ ተሠርተዋል፤ ግን አስተሳሰሩ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ በግምት አይሞከርም።

አጣናን በደፈናው መኮነን ልክ አይመስለኝም። ለምድር ቤት ልስን በደንብ ከታሰረ ሥራውን ይወጣል። ጣጣው እርጥቡ ነው። እርጥብ አጣና ሲደርቅ ይቀጥናል፣ ማሰሪያው ይላላል። ይሰነጠቃልም፤ ስንጥቅ ላይ የተመታ ሚስማር ደግሞ ሰው አይሸከምም። ከሌላ ሥራ የተረፈ አጣና ከሆነ ታችኛውን ጫፍ በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። ምስጥ ከበላው ድምፁ ባዶ ነው።

ፎቁ ሲጨምር፣ ላዩ ላይም ብሎኬትና ሲሚንቶ የሚከመር ከሆነ ብረት ይሻላል። የቱቦው የውጭ ዲያሜትር፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ፣ በተለምዶ 48 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የመወጣጫው ቁመት ከጠባቡ ጎኑ 4 እጥፍ ሳያልፍ ከሕንፃው ጋር መታሰር አለበት። የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ግን ብረት አደገኛ ነው፤ የሽቦው ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ ሥራ አይጀመርም። ባለ ጎማው መወጣጫ ለቤት ውስጥ ሥራ ጥሩ ነው፤ ሰው ላዩ ላይ እያለ አይገፋም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። ዋልካ አፈር ክረምት ላይ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ጠዋት ቀጥ ብሎ የነበረ ቋሚ ከሰዓት ዝናብ በኋላ ይሰምጣል። አንዱ ሲሰምጥ ጭነቱ ወደ ጎረቤቱ ቋሚ ይዞራል፤ እሱም ካልቻለ ሁሉም ይከተላል። ስለዚህ ከየቋሚው ሥር ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ። ብሎኬት ማስደገፍ የተለመደ ነው፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ግን ይደቃል። የጣሪያው ውኃ ወደ ቋሚዎቹ እንዳይወርድ ቦይ ይቆፈር። ዝናብ ባባራ ቁጥር ፎርማኑ ሳያይ ማንም አይውጣ።

ቋሚዎቹ በሰያፍ እንጨት ወይም ብረት ይያያዙ። መቆሚያው ጣውላ ክፍተት አይኑረው። ወገብ አካባቢ፣ 1 ሜትር ገደማ ላይ፣ መከላከያ ይደረግለት። ጠርዙ ላይም መዶሻ ተንሸራቶ ታች ያለውን ሰው እንዳይመታ ማገጃ ይመታበት። መሰላሉ 4 ሜትር ከወጣ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ይጥላል። የቀን ሠራተኛውን «ተጠንቅቀህ ውጣ» ማለት ብቻ አይበቃም። መወጣጫው ሥራው አልቆ ሲፈታም ከላይ ወደ ታች ነው፤ ሰያፉ አስቀድሞ ከወለቀ ቀሪው ሰው ላይ ይናዳል።