የሃስ ዘር ሃስ አያወጣም

ጅማ ውስጥ ግቢ ኖሮት የአቮካዶ ዘር ያልቀበረ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ሲበቅል ደስ ይላል። ጣጣው «ሃስ» የሚል የታወቀ የአቮካዶ ዝርያ ስም ሲወጣለት ነው። ስለ ዘር ከምንሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች አራቱ እነሆ።

«ዘሩ የሃስ ከሆነ ዛፉም ሃስ ነው»

እኔም ተሸውጄበታለሁ። ቆጪ ግቢያችን ውስጥ የተከልኩት ዘር ከእውነተኛ ሃስ የወጣ ነበር፤ ያ ልጣጩ ሻካራ ሆኖ ሲበስል የሚጠቁረው። በሰባተኛ ዓመቱ ያፈራው ግን አንገተ ረጅም፣ ልጣጩ ልስልስ ያለ፣ ቢበስልም አረንጓዴ ነው። ዛፉን አልቆረጥኩትም፤ ጣዕሙ አይከፋም። ሃስ ብዬ ግን አልሸጥም።

ነገሩ ያለው አበባው ላይ ነው። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሴት ሆኖ፣ ከዚያ ተዘግቶ በማግስቱ ወንድ ሆኖ። ሃስ ጠዋት ሴት ነው፤ ወንድ የሚሆነው በማግስቱ ከሰዓት። በዚህ መሃል ንብ ከጎረቤት ዛፍ ብናኝ ይዛ ትመጣለች። ከራሱ ቢዳቀል እንኳ ልጆቹ አንድ ዓይነት አይወጡም።

ሃስ ራሱም ቢሆን እንዲሁ በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ሩዶልፍ ሃስ የተባለ የካሊፎርኒያ ፖስተኛ ከዘር ያበቀለው አንድ ዛፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ፓተንት አወጣበት። ዛሬ ዓለም ላይ ያለው ሃስ ሁሉ የዚያ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቀጠለ የመጣ ነው።

«የተዳቀለ ዛፍ ዘሩም የተዳቀለ ነው»

እዚህ ላይ ቃላችን ራሱ ያምታታል። ሁለት ዛፍ ማጋባትንም፣ ቅርንጫፍ መቀጠልንም «ማዳቀል» እንላለን። ሂርማታ ገበያ «የተዳቀለ አቮካዶ» ሲሏችሁ ከታች የአገር ግንድ፣ ከላይ የሃስ ቅጥያ ማለታቸው ነው። መቀጠሉ ወደ ዘሩ አይተላለፍም። ችግኝ ስትገዙ ከአፈሩ ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ የተቀጠለበትን ጠባሳ ፈልጉ። ከሌለ ከዘር የበቀለ ነው፤ ዋጋውን በዚያው ልክ ተከራከሩ።

«የአበባ ዘር እናቱን ይመስላል»

የዳሊያ ዘር ቀለም ሎተሪ ነው። የወደዳችሁትን ቀለም ለማቆየት ስሩን ከፍላችሁ ትከሉ። ጽጌረዳን ደግሞ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ።

«እንግዲያው የቡና ዘርም አይታመንም»

ይሄ ደግሞ የተገላቢጦሽ ስህተት ነው። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ጅማ አጠገብ መልኮ ካለው የምርምር ማዕከል የወጡት 74110 እና 74112 የተባሉ የቡና ዝርያዎች ዘራቸው እናቱን ይከተላል። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ ከታየ በኋላ በሽታውን ስለተቋቋሙ የተመረጡ ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። «አባ ቡና» የተባለው ዝርያ ግን ሁለት የተለያዩ ቡናዎች ተጋብተው የወጣ ዲቃላ ስለሆነ ከጓሯችሁ የለቀማችሁት ዘሩ የተዘበራረቀ ዛፍ ያወጣል።

ለዘር የደረሰውን ቀይ ፍሬ ልቀሙ፣ ፈልፍሉ፣ ጥላ ላይ አድርቁ፣ ብዙ ወር ሳታስቀምጡ ዝሩ። ለጀበና እንደሚሰጣው ፀሐይ ላይ ካከረራችሁት ግን ቁሉትና ጠጡት፤ የችግኝ መደብ ላይ ብዙም አይበቅልላችሁም።